የዲፈረንሻል ጥርስ ወይስ የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ፦ ለዓባይ በረሃ ዳገት የትኛው ይቅደም?

ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን ያለው ዳገት ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ መኪናው በዚያ ርቀት ውስጥ ከ1,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ተነሥቶ ወደ 2,400 ሜትር ይወጣል። ከተሳቢ ኋላ ተሰልፎ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ አሽከርካሪ ግማሽ ሰዓት ያህል ሞተሩን ሳያሳርፍ ይወጣል ማለት ነው። ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ተቀምጦ ባለ አውቶማቲክ ካምቢዮ ጉልበተኛ መኪና የሚነዳ ሰው፣ ለማሻሻያ የያዘው ገንዘብ ለአንድ ሥራ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ የሚጨነቀው ዲፈረንሻሉን (የካምቢዮውን ዙረት ቀንሶ ወደ ጎማ የሚያደርሰውን የጥርስ ስብስብ) ያስቀይር ወይስ የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ያስገጥም በሚለው ላይ ነው። ለንጽጽሩ የምጠቀመው የራሴን መኪና ዓይነት፣ ማለትም ባለ 4.0 ሊትር ስድስት ሲሊንደር ቶዮታ ፎር ራነርን ነው። አምስት ማርሽ ያለው አውቶማቲክ ካምቢዮ አለው፤ የዲፈረንሻሉ ሬሾ (የጥርሶቹ ምጣኔ) 3.73፣ ጎማው ደግሞ 265/70 ባለ 17 ነው።

ሁለቱን ዕቃዎች ከማነጻጸር በፊት ሙቀቱ ከየት እንደሚመነጭ ማወቅ ይገባል። በአውቶማቲክ መኪና የሞተሩ ጉልበት ወደ ካምቢዮ የሚተላለፈው በቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ባለው ዘይት አማካይነት ነው። ኮንቨርተሩ ሳይቆለፍ፣ ማለትም ሞተሩንና ካምቢዮውን በቀጥታ ሳያያይዝ፣ ሲሠራ በሞተሩ ዙረትና በካምቢዮው ዙረት መካከል ልዩነት ይፈጠራል፤ በዚህ መንሸራተት የሚባክነው ጉልበት በሙሉ ወደ ዘይቱ ሙቀት ይለወጣል። ሜዳ ላይ ኮንቨርተሩ ስለሚቆለፍ ችግሩ አይታይም። ዳገት ላይ ግን ሞተሩ ሸክሙን ስለማይችለው ካምቢዮው ቁልፉን ይለቅቃል፣ ማርሽ ይቀንሳል፣ መልሶ ይጨምራል፣ እንደገና ይቀንሳል። ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ደግሞ በየ300 ሜትር ከፍታው ከጉልበቱ ሦስት በመቶ ያህል ስለሚያጣ ደጀን ሲደርስ ወደ ሩብ የሚጠጋው ጉልበቱ አብሮት የለም። ስለዚህ በረሃው ሥር አየሩ ይፋጃል፤ አናቱ ላይ ደግሞ ስስ ነው፤ መኪናው ከሁለቱም አያመልጥም።

በመመርመሪያው ሶኬት ላይ የሚሰካ ማንበቢያ ይዤ ስወጣ ድልድዩ ላይ 94 ዲግሪ የነበረው የካምቢዮ ዘይት መንገዱ ላይ ያለችውን ኩራርን አልፌ ጥቂት እንደሄድኩ 119 ደርሶ አይቻለሁ። ክሩስኮቱ ላይ ያለው የራዲያተር መርፌ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከመሃል ንቅንቅ አላለም። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው፤ መርፌው የሞተሩን ውኃ እንጂ የካምቢዮውን ዘይት አይናገርም። የካምቢዮ ዘይት ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ውስጥ ሲሠራ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ በሙያው ውስጥ ሲሠራበት የኖረ ግምት አለ።

የዲፈረንሻል ቅያሪ ሙቀቱን የሚቀንሰው ከምንጩ ነው። 3.73 ማለት ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ 3.73 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ቁጥሩ ወደ 4.10 ሲያድግ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት በአሥር በመቶ፣ ወደ 4.56 ሲያድግ ደግሞ በ22 በመቶ ይጨምራል። በሁለተኛ ማርሽ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስንወጣ ኮንቨርተሩ ቢቆለፍ ሞተሩ በ3.73 ወደ 2,010፣ በ4.10 ወደ 2,210፣ በ4.56 ወደ 2,460 ዙረት በደቂቃ ይኖረዋል። ልዩነቱ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም ሞተሩ ሸክሙን እንዲችልና ኮንቨርተሩ ቶሎ ተቆልፎ እንዲቆይ የሚያደርገው ይኸው ልዩነት ነው። ክፍያው የሚመጣው ሜዳው ላይ ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በአምስተኛ ማርሽ በ100 ስንነዳ 1,765 የነበረው ዙረት በ4.56 ወደ 2,160 ያድጋል፤ ነዳጁም ድምፁም ይጨምራል። ጎማው የፋብሪካው ከሆነ 4.56 ለእኔ ይበዛል፤ 4.10 ይበቃል። በ285/75 ጎማ ለቀየረ ግን ነገሩ ይለያል፤ ያ ጎማ በሰባት በመቶ ስለሚተልቅ 3.73ቱን ወደ 3.49 ገደማ አውርዶታል፣ ማለትም ባለቤቱ ሳያውቀው መኪናውን አዳክሞታል። ለእርሱ 4.56 ቅንጦት አይደለም።

የሥራው ጥራት ግን ከቁጥሩ ይበልጣል። ባለ አራት እግር (አራቱም ጎማ የሚነዳ) መኪና የፊቱም የኋላውም ዲፈረንሻል በአንድ ሬሾ መቀየር ስላለበት ዕቃው ሁለት እጥፍ ነው፤ ኩሽኔታዎቹም አብረው ይቀየራሉ፤ በትልቁና በትንሹ ጥርስ መካከል ያለው ክፍተት የሰዓት መልክ ባለው መለኪያ እስከ መቶኛ ሚሊሜትር ድረስ መስተካከል አለበት። ክፍተቱን በእጁ እያወዛወዘ «ጥሩ ነው» የሚል መካኒክ ካጋጠመዎ መኪናዎን ይዘው ይውጡ። አዲስ ጥርስ በመጀመሪያዎቹ 800 ኪሎ ሜትሮች ከባድ ሸክም አይወድም፤ መጀመሪያ አጭር ጉዞ ተነድቶ መቀዝቀዝ፣ በመጨረሻም ዘይቱ መቀየር አለበት። አዲስ አበባ አስቀይሮ በዚያው ዕለት ወደ ጎጃም የሚመለስ ሰው አዲሱን ጥርስ ሳያለማምድ በቀጥታ ዓባይ በረሃ ውስጥ ይከተዋል። ባሕር ዳር አስቀይሮ በመራዊ ሜዳ ጥቂት ቀን ማመላለስ ይሻላል።

ማቀዝቀዣው ከዚህ ሁሉ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው፤ የዲፈረንሻሉን ወጪ ጥቂቱን ብቻ ይጠይቃል፤ ነገር ግን የተፈጠረውን ሙቀት ያስወግዳል እንጂ እንዳይፈጠር አያደርግም። በገበያ ላይ ካሉት፣ ጠመዝማዛ ቱቦ በስስ ቆርቆሮ የተያያዘበት ዓይነት ዋጋው ዝቅተኛ ሲሆን በቀላሉ አይደፈንም፤ በተደራራቢ ሳህኖች የተሠራው በተመሳሳይ ስፋት የበለጠ ሙቀት ያወጣል። ለበረሃው ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚያልፈው ነፋስ ትንሽ ስለሆነ እያንዳንዱ ስንዝር ይቆጠራል። የራሱ ማራገቢያ ያለው ቢሆን ደግሞ ከጭነት መኪና ኋላ ስንቆም ልዩነቱ ይታያል። ራዲያተሩ ውስጥ ያለውን የፋብሪካ ማቀዝቀዣ ግን አታስወግዱት። ዘይቱ መጀመሪያ በራዲያተሩ፣ ቀጥሎ በአዲሱ አልፎ ወደ ካምቢዮ መመለስ አለበት፤ እንጅባራ ላይ በማለዳ የቀዘቀዘ ዘይት የሚሞቀው በዚያው ነው። በሙቀት የሚከፈትና የሚዘጋ ማለፊያ ቢጨመርበት የበለጠ ይጠቅማል። መኪናው ካረጀ ራዲያተሩንም ማስመርመር ይገባል፤ በውስጡ ያለው ቱቦ ከተበሳ ውኃው ከዘይቱ ይቀላቀልና የካምቢዮው ዘይት የእንጆሪ ጁስ ከወተት ጋር የተመታ ይመስላል። ያን ቀለም ያየ ሰው ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት አለበት።

እኔ የመጀመሪያውን ማቀዝቀዣ ያስገጠምኩበት ጋራዥ ያገናኘልኝ በተራ የነዳጅ ጎማ ቱቦ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ቱቦው ለስልሶ ከማሰሪያው ሥር ማላብ ጀመረ፤ ያወቅሁትም ፓራውልቱ ሥር በቀይ ዘይት የተለወሰ አቧራ ሳይ ነው። ለካምቢዮ ዘይት ሙቀት የተሠራ ቱቦ መሆኑን ጽሑፉን አንብቦ ማረጋገጥ የገዢው ሥራ ነው። ማቀዝቀዣው የሚይዘውን ያህል ዘይት መጨመርና መጠኑን እንደገና መለካትም አይረሳ።

ሁለቱ የሚለያዩበት ሌላው ቦታ ቁልቁለቱ ነው። ከደጀን ወደ ድልድዩ ስንወርድ የዘይት ማቀዝቀዣው ፍሬን አያግዝም፤ 4.56 ግን በተመሳሳይ ማርሽ የሞተሩን መያዝ በ22 በመቶ ይጨምራል፤ የፍሬን ፔዳሉም ያን ያህል አይረገጥም። እርጥበት የጠጣ ዶት 3 የፍሬን ዘይት በ140 ዲግሪ ሊፈላ ይችላል፣ ዶት 4 ደግሞ በ155። ስለዚህ ዲፈረንሻሉን የማይቀይር ሰው ቢያንስ የፍሬን ዘይቱን በአዲስ ዶት 4 ይቀይር፤ ሲወርድም ማርሹን በእጁ ወደ ሁለት ይያዝ።

ጎማው የፋብሪካው ለሆነና ዓባይን በወር አንድ ሁለት ጊዜ ለሚሻገር ሰው ማቀዝቀዣውን ከአዲስ የካምቢዮ ዘይት ጋር አስቀድማለሁ። ጎማ ላሳደገ፣ ተጎታች ለሚጎትት ወይም በየሳምንቱ ለሚመላለስ ሰው ዲፈረንሻሉ ይቅደም፤ ማቀዝቀዣው በሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል። ገና ገንዘብ ያልያዘ ደግሞ ማንበቢያውን ብቻ ገዝቶ፣ ዳገቱ ሲጀምር ማርሹን ሁለት ላይ ይቆልፍና ቁጥሩን ይከታተል። እኔ ይህን ሳደርግ በዚያው ኩራር አጠገብ 108 ነበር ያነበብኩት።