ሶፍትዌር ከመግዛታችን በፊት የደረሰኝ ጥራዛችንን ላስከፈተችን ባለሙያ

ጎንደር ውስጥ ጧሪ ያጡ አረጋውያንን የምንደግፍ አነስተኛ ማኅበር ነን። ዛሬ በአደባባይ የማመሰግናት እህታችን የኮምፒውተር ሥርዓት አማካሪ ናት። በሁላችንም ስም እግዚአብሔር ይስጥልን።

የእርዳታ ማሰባሰቢያ ሶፍትዌር ልንገዛ ተጣድፈን ነበር። ከአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ጋርም ውል ልንፈርም ምንም አልቀረንም። ድርጅቱ የጠየቀው ከሚሰበሰበው ገንዘብ 25 በመቶውን ነው። ውሉን አንብባ፣ «ለእናቶች መድኃኒት ብሎ የሰጠ ሰው ሩቡ የት እንደሚሄድ ቢጠይቃችሁ ምን ትሉታላችሁ?» አለችን። መልስ አልነበረንም። በአሜሪካ የሚገኘው የገንዘብ አሰባሳቢ ባለሙያዎች ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ በመቶኛ መከፈልን እንደሚከለክል፣ የእኛም የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ እንደሚገድብ አስረዳችን። ውሉን ተውነው። አሁን ማስታወቂያችንን አንድ ወጣት ፎቶ አንሺ በቁርጥ ዋጋ ይሠራልናል።

ከዚያ የደረሰኝ ጥራዞቻችንን አስመጣች። ከሒሳብ ሹማችን ጋር ሁለት ቀን ሙሉ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ አየቻቸው። አብዛኛው ሰው የሚሰጠን በባንክና በቴሌብር፣ ትንሽ ትንሽ እያደረገ፣ በየወሩ ነው። ለጥምቀት ጎንደር መጥተው የሰጡንን ሰዎች ስልክ ግን መዝግበን ይዘን አንድም ቀን ደውለን አላመሰገንናቸውም። ይህን ስትነግረን በእውነት አፈርሁ። የጎደለን ሶፍትዌር አልነበረም።

ከመረጥናቸው ሁለት የውጭ ሶፍትዌሮች አንደኛው የሚጠቀምበት የክፍያ ድርጅት ወደ ኢትዮጵያ ባንክ ገንዘብ አያስተላልፍም። ሌላው በየወሩ በዶላር የሚከፈልበት ነው። ሲቪሲአርኤም የተባለውን፣ የሰጪዎችን መረጃ የሚይዝ፣ በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌርም አሳየችን፤ ግን ሰርቨርና የሚንከባከበው ሰው እንደሚፈልግ አልደበቀችንም። ለጊዜው በኤክሴል ስም፣ ስልክ፣ መጠን፣ ቀንና የተመሰገነበትን ቀን እንድንመዘግብ አዘጋጀችልን። ወደፊት ስንገዛም አስቀድመን የምንጠይቀውን ነገረችን፦ ሶፍትዌሩን በተውነው ቀን የሰጪዎቻችንን ዝርዝር ይዘን መውጣት እንችላለን?

ከሶፍትዌር ሻጮች ኮሚሽን እንደማትቀበል በመጀመሪያው ቀን ነግራን ነበር። ያስከፈለችንም የሠራችባቸውን ቀናት ብቻ ነው። ውድ ነገር ሸጣልን መሄድ ትችል ነበር፤ እኛም ደስ ብሎን እንገዛ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ለጥምቀት መጥተው ለሰጡን ሰዎች መደወል ጀምረናል። አንዲት እናት «እኔ እኮ የረሳችሁኝ መስሎኝ ነበር» አሉኝ።

ማኅበር፣ ዕድር ወይም ትምህርት ቤት ያላችሁ የጎንደርና የአካባቢው ሰዎች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።