ኖትቡክኤልኤም ወይስ ቻትጂፒቲ? ለጥብቅና ቢሮ የቱ ይሻላል

አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች ተሰባስበው ድርጅት እንዲያቋቁሙ ከፈቀደ ወዲህ ቢሮ የከፈቱ ጓደኞች አሉኝ። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ “የቱን ኤአይ እንግዛ?” በየስልኩ ከምደጋግመው እዚህ ልጻፈው። መጀመሪያ ምንም አትግዙ። ከሰጣችሁት ሰነድ ብቻ የሚሠራውን የጎግልን ነጻ ኖትቡክኤልኤም ያዙ።

የሚከፈልበት ቻትጂፒቲ፣ ፕላስ የሚባለው፣ በወር 20 ዶላር ነው። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በፊት፣ ዶላር በ57 ብር ሳለ፣ 1,140 ብር ነበር። አሁን በ150 ብታሰሉት 3,000 ይሆናል። ለአምስት ጠበቃ በወር 15,000፣ በዓመት 180,000 ብር! ለጀማሪ ቢሮ ይሄ የጸሐፊ ደመወዝ ነው።

ይህን ወጪ ስሸሽ ነው የተሳሳትኩት። ቴሌግራም ላይ “ሼርድ አካውንት”፣ ማለትም ብዙ ሰው የሚጋራው የቻትጂፒቲ አካውንት፣ በ600 ብር ገዛሁ። የደንበኛዬን የመከላከያ መልስ ለጠፍኩበት፣ ቋንቋው ተስተካክሎ ወጣልኝ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ በግራ በኩል ያለውን ዝርዝር አየሁ። የማላውቃቸው ሰዎች የጻፉት ሁሉ ተደርድሯል፤ የአንዱ የቤት ሽያጭ ውል ከነስሙ፣ ከነካርታ ቁጥሩ። እኔ የእነሱን ካየሁ እነሱም የእኔን ያያሉ ማለት ነው። ወዲያው አጠፋሁት፤ እስከዚያ ማን እንዳነበበው ግን አላውቅም። በሁለተኛው ሳምንት አካውንቱ ተዘጋ፣ ሻጩም ብሎክ አደረገኝ። ብሩስ ይሂድ፣ የደንበኛዬ ምስጢር ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

በሕግ ጥያቄ ላይ ደግሞ ቻትጂፒቲን ሰነድ ሳትሰጡት በባዶው አትመኑት። የአዲስ ሠራተኛ የሙከራ ጊዜ ስንት ነው ብዬ ስጠይቀው 45 ቀን አለኝ። እሱ የተሻረው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 377/96 ነው። በአዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 11 ጣሪያው 60 የሥራ ቀን ነው። የሌለ የሰበር መዝገብ ቁጥርም በልበ ሙሉነት ጽፎልኛል። በፈረንጆቹ 2023 ኒውዮርክ ውስጥ ሁለት ጠበቆች እሱ የፈጠራቸውን ስድስት ፍርዶች ለፍርድ ቤት አቅርበው ከነቢሮአቸው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል።

ኖትቡክኤልኤም የሚመልሰው ከሰጣችሁት ሰነድ ነው። መልሱ ላይ ቁጥር ያስቀምጣል፤ ቁጥሩን ስትጫኑት አንቀጹ ራሱ ይከፈታል። ያንኑ የሙከራ ጊዜ ጥያቄ ስጠይቀው አንቀጽ 11ን አወጣልኝ። በነጻው አንድ ማስታወሻ ደብተር እስከ 50 ሰነድ ይይዛል፣ ለአንድ መዝገብ ይበቃል። ግን ስሞቹን አውጥታችሁ “ከሳሽ”፣ “ተከሳሽ” ብላችሁ አስገቡ።

የሚያስቸግረው ስካን የተደረገ ነጋሪት ጋዜጣ ነው። አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ስለሚታተም መስመሮቹ ይደባለቁበታል። እኔ የአማርኛውን ዓምድ ቆርጬ ጎግል ድራይቭ ላይ እጭነውና በጎግል ዶክስ ከፍቼ ወደ ጽሑፍ እቀይረዋለሁ። ከዚያ የአንቀጽ ቁጥሮቹን ከወረቀቱ ጋር አንድ በአንድ አመሳክራለሁ። አሰልቺ ነው፣ ግን ለአንድ አዋጅ አንዴ ብቻ ነው የሚሠራው።

ሃርቪ የሚባለውን የጠበቆች ኤአይ የምትጠይቁኝ፣ ለትልልቅ የውጭ ቢሮዎች የተሠራ ነው፣ ዋጋውንም በግልጽ አይለጥፍም። እለፉት።

የእንግሊዝኛ ውል የሚበዛበት ቢሮ ካላችሁ አንድ ቻትጂፒቲ ፕላስ ግዙ፣ አምስት አይደለም። በራሳችሁ ካርድ፣ በራሳችሁ ኢሜይል ይሁን። ገና ስትከፍቱት ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ጽሑፋችሁ ለሞዴሉ ማሠልጠኛ እንዲውል የሚፈቅደውን አጥፉት።