ፐብሜድ፦ ነፃው የሕክምና ጥናት መፈለጊያ የሚያግዝበትና የሚያሳስትበት

ለጤና ተመራማሪ ከፐብሜድ የተሻለ መነሻ የለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የሚያስተዳድረው ይህ ድረ ገጽ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማንም ነፃ ነው፤ ከ37 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎችንም መዝግቧል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን የጻፈውን ቃል ማሽኑ እንዴት እንደተረዳው ሳያይ ውጤቱን ስለሚያምን ነው።

«ካላዛር» የሚለውን በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ፐብሜድ ሜሽ ከተባለው የሕክምና ቃላት መዝገቡ ጋር ያዛምደዋል። «ቪሰራል ሌይሽማኒያሲስ» በሚለው የበሽታው የሕክምና ስም ሥር የተመደቡትንም አብሮ ያመጣል። ትልቁ ብርታቱ ይህ ነው። ቃሉን በትእምርተ ጥቅስ ካሰሩት ወይም መጨረሻው ላይ ኮከብ ካደረጉበት ማዛመዱ ይቆማል፣ የሚፈልጉት ጽሑፍም ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከፍለጋው በኋላ «አድቫንስድ» ውስጥ ይግቡና በፍለጋ ታሪኩ ላይ «ዲቴይልስ» ሥር ያለችውን ምልክት ይጫኑ፤ ጥያቄዎ የተተረጎመበት መንገድ ሙሉው እዚያ አለ።

የፍለጋ ቃላትን የሚያያይዙት «ኤንድ» (AND)፣ «ኦር» (OR) እና «ኖት» (NOT) በትልልቅ ፊደላት ይጻፋሉ፤ የሚነበቡትም ከግራ ወደ ቀኝ ነው። «ኢትዮጵያ ኤንድ ወባ ኦር ካላዛር» ካሉት የኢትዮጵያን ወባ ለይቶ የዓለሙን ካላዛር ሁሉ ይደርብበታል። «ወባ ኦር ካላዛር» የሚለውን በቅንፍ ይሰሩ።

በሰው ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ብቻ የሚያስቀረው «ሂውማንስ» የሚለው ማጣሪያ ከሁሉም የከፋ ወጥመድ ነው። የሚሠራው በሜሽ በተመደቡት ላይ ብቻ ስለሆነ ገና ያልተመደቡትን አዳዲስ ጥናቶች ይጥላል። ማጣሪያ አንዴ ከተመረጠ ደግሞ እስኪያጠፉት ድረስ በቀጣዩ ፍለጋም ላይ ይቆያል።

በደራሲ ስም መፈለግ ለእኛ አስቸጋሪ ነው። መዝገቡ የቤተሰብ ስም ይጠብቃል፤ የእኛ ሰው አንዱ መጽሔት ላይ በአባቱ፣ ሌላው ላይ በአያቱ ስም ይገባል። «ፀጋዬ»ም በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት አጻጻፍ የለውም። ደራሲው ኦርኪድ (ORCID) የተባለው የተመራማሪ መለያ ቁጥር ካለው በእሱ ይፈልጉ። በዩኒቨርሲቲ ስም የሚፈልጉም ይጠንቀቁ፦ እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ድረስ የሚመዘገበው በአብዛኛው የመጀመሪያው ደራሲ አድራሻ ብቻ ነበር።

ፐብሜድ ራሱ የሚያሳየው አጠቃሎውን ነው። ሙሉ ጽሑፉ ፒኤምሲ (PMC) በተባለው ነፃ የሙሉ ጽሑፎች ማከማቻ ውስጥ ካለ በነፃ ይከፈታል፤ ከሌለ ተቋምዎ ከተመዘገበ ሂናሪ የተባለውን የዓለም ጤና ድርጅት የመጽሔት ማግኛ ይሞክሩ፣ ለኢትዮጵያ ተቋማት ክፍያ የለውም።

ሲስተማቲክ ሪቪው (በአንድ ጥያቄ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሁሉ አሰባስቦ የሚገመግም ጥናት) ለሚሠራ ግን ፐብሜድ ብቻውን አይበቃም። ከአፍሪካ መጽሔቶች ብዙዎቹ እዚህ የሉም፤ የአፍሪካ መጽሔቶችን የሚያሰባስበውን አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን የተባለ ድረ ገጽ መጨመር ግድ ነው። የፍለጋውን ሙሉ ቃልና ቀኑንም ዕለቱኑ ይቅዱ፤ የፍለጋ ታሪኩ ለ8 ሰዓት ካልተነካ ይጠፋል።