ዲዋሊ በጨረቃ፣ ፖንጋል በፀሐይ

ሁለቱም የህንድ ትልልቅ በዓላት ናቸው። ቀን አቆጣጠራቸው ግን ለየቅል ነው።

ፖንጋል የሚከበረው ፀሐይ ማካራ ወደሚባለው የሰማይ ክፍል ስትገባ ነው። በፈረንጆች ጃንዋሪ 14 ወይም 15 ላይ ይውላል። በደቡብ ህንዷ ግዛት ታሚል ናዱ ውስጥ ሩዝና ወተት በሸክላ ድስት ይጣዳል። ገንፍሎ ሲፈስ ቤተሰቡ «ፖንጋሎ ፖንጋል!» እያለ ይጮኻል። ቀኑም ቢሆን ቀስ እያለ ይሸሻል። የሂንዱ መንፈሳዊ መምህሩ ስዋሚ ቪቬካናንዳ በ1863 በዚያው የፀሐይ በዓል ዕለት ሲወለዱ ጃንዋሪ 12 ነበር።

የመብራት በዓሉ ዲዋሊ ግን ጨረቃ የማትታይበትን ሌሊት ይጠብቃል። ያ ሁሉ መብራት በድቅድቅ ጨለማ መብራቱ በጣም ደስ ይለኛል። በ2023 ኖቬምበር 12፣ በ2025 ደግሞ ኦክቶበር 20 ዋለ። 12 የጨረቃ ወራት 354 ቀን ገደማ ስለሆኑ ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያንሳሉ። እንደ ኢድ ወቅት እየቀያየረ እንዳይዞር በየ32 ወሩ ገደማ አንድ ወር ይጨመራል። በ2024 ጨረቃ አልባው ጊዜ ሁለት ቀን ላይ ስላረፈ ገሚሱ ኦክቶበር 31፣ ገሚሱ ኖቬምበር 1 አከበረ።

ጉዞ ለምታስቡ ፖንጋል ይቀላል። ለዲዋሊ ግን የዓመቱን ቀን አረጋግጡና ትኬት ቁረጡ።