ለአንድ ባለ ላዳ ምስጋና፤ ታማሚ የምታመላልሱ አንብቡልኝ

ብዙውን ጊዜ የምጽፈው ሲከፋኝ ነው። ዛሬ ግን ላመሰግን ነው። ይረዝማል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። የቡናው ነገር ኋላ ይመጣል።

እማዬ የጡት ካንሰር ታማለች። ከታወቀ አሁን አንድ ዓመት ሞላው። እብጠቱን ያገኘችው ራሷ ናት፣ ገላዋን ስትታጠብ። አያማትም ነበር። ባለማመሙ ነው መሰለኝ መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ "የዕድሜ ነው እናት፣ አያስቡ" ብሎ የሚዋጥ ነገር ሰጥቶ ሸኛት። አራት ወር እንደ ዋዛ አለፈ። የክሊኒኩን ስም አልጽፍም። በዚያ በር ሳልፍ ግን እስከ ዛሬ ፊቴን አዞራለሁ። እባካችሁ እብጠት ካገኛችሁ "አያመኝም እኮ" ብላችሁ አትቆዩ።

ቀጥሎ ደግሞ ባለ መድኃኒት ነኝ ባይ መጣ። ማር የመሰለ ነገር በጠርሙስ፣ 6,000 ብር። "ያደርቀዋል" አለ። አባዬ ገዛ። አልፈርድበትም፤ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ። ጠያቂዎቻችንም አልማሩንም። አንዷ የእማዬ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ኬሞ ገደላቸው የምትላቸውን ሰዎች በስም እየጠራች ቆጠረችላት። ሰባት ስትደርስ አባዬ ተነስቶ በሩን ከፈተላት።

በመጨረሻ ጥቁር አንበሳ ገባን። የመድኃኒቶቹን ስም ነግረውናል፣ አንዱንም አልያዝኩትም። እኔ የማውቀው 8 ዙር ኬሞ እንደሆነ፣ በየ21 ቀኑ እንደሚሰጥ፣ የመጀመሪያዎቹን አራቱን ታማሚዎቹ "ቀዩ" እንደሚሏቸው ነው። ሽንት ሳይቀር ያቀላል። ቀድሞ ተነግሮን ነበር፤ እማዬ ግን ያን ዕለት ማታ ደም መስሏት ቤቱን በጩኸት አናወጠችው።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ከሰባራ ባቡር ጥቁር አንበሳ ቅርብ ነው። መከራችንም እሱ ነበር። በስልክ የምንጠራቸው ሹፌሮች መንገዱ አጭር መሆኑን ሲያዩ ይሰርዛሉ። ከኬሞ በኋላ ሚኒባስ ደግሞ አይታሰብም። የካቲት 11 ቀን 2016፣ የመጀመሪያው ኬሞ ዕለት፣ ስንመለስ ስንት ተሰርዞብን አንድ አገኘን። መንገድ ላይ ማስመለስ ጀመራት። ፌስታል ይዘናል፤ አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። ሰውዬው ግን ጥግ ያዘና "ውረዱ" አለን። ወርደን ሳለን ደግሞ ለማሳጠቢያ 1,000 ብር ጨምሪ ይለኛል። እማዬ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "ሰውየውን ይቅርታ ጠይቂልኝ።" ያን ቀን ከአልጋዬ ስነሳም ስተኛም አልረሳውም።

ሁለተኛው ዙር መጋቢት 2 ደረሰ። ሁዳዴም ረመዳንም አንድ ላይ የገቡበት ሰኞ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ አስፋልቱ ስወጣ አንዲት አሮጌ ሰማያዊ ላዳ ቆማለች። የኋላ በሯ ከውጭ ብቻ ነው የሚከፈተው። ሹፌሩ ስልሳ ያለፋቸው፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሰው ናቸው። ከመግባታችን በፊት ቁርጡን ነገርኳቸው።

"ጋሼ፣ እናቴ ኬሞ እየወሰደች ነው፣ ልታስመልስ ትችላለች። ከከበደዎት አሁኑኑ ይንገሩኝ።"

"ግቡ" አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

መስታወታቸው ላይ ሽቶ ተንጠልጥሏል። እማዬ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ሳብ አደረገች። አልተናገረችም፤ እሷ መቼ ትናገራለች። ቴዎድሮስ አደባባይ ጋ ስንደርስ ጋሼ ጥግ ያዙ። ልቤ ድንግጥ አለ። ደግሞ ውረዱ ልንባል ነው አልኩ። ሽቶውን ከመስታወቱ በጥሰው ወረዱና እዚያ ለተቀመጠ ሊስትሮ ልጅ ሰጡት። ተመልሰው ገቡ፣ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ፣ ሞተር አስነሱ። አንድ ነገር ቢሉ ኖሮ እማዬ ይሉኝታ ይገላት ነበር። ምንም አላሉም።

ላዳዋ ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች፣ አልዋሽም። የኬሞ ነገር ግን ግራ ነው፤ ቤንዚኑ እማዬን ምንም አይላትም። ጠላቶቿ ሽቶ፣ የሽንኩርት ቁሌት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቡና ነበሩ። በቀን ሦስቴ የምታፈላ ሴት እኮ ናት! ያለ ቡና ጎረቤት የማታውቅ። ቤታችን ውስጥ ቡና መቁላት ቆመ። አባዬ ውጪ ጠጥቶ አፉን ተጉመጥምጦ፣ ጃኬቱን ደጅ ሰቅሎ ነበር የሚገባው። ወጥ እህቴ ግቢ ውስጥ በከሰል ትሠራለች። በዚያው ሰሞን የፒያሳ ፈረሳ መጣና የእማዬ የቡና ጓደኞች ግማሾቹ ወደ ሌላ ሰፈር ተበተኑ። ቡናው ቢኖርም ጠጪ አልነበረም ማለት ነው። ከዓመቱ ሁሉ በጣም የከበደኝ ያ ጸጥታ ነው። ከመርፌውም ከፀጉሯም በላይ።

ሦስተኛው ዙር አልተሰጣትም። ደሟ ሲታይ ነጭ ሕዋሷ ወርዷል ተባለ። ለአንድ ሳምንት ተቀጠረች። ሐኪሙ እንቁላል ብዪ፣ ሥጋ ብዪ አላት። በሁዳዴ! የነፍስ አባቷ ፈቅደውላታል፣ አባዬ ለምኗታል፣ እኔ አልቅሻለሁ። ወይ ፍንክች። ስንመለስ ጋሼ ምን ሆናችሁ አሉ፣ ነገርኳቸው። እሳቸው ራሳቸው ጾመኛ ናቸው፣ ከንፈራቸው ደርቋል።

"እህቴ" አሏት በመስታወቱ እያዩ፣ "እኛ ዘንድ የታመመ አይጾምም። ሲድን ቆጥሮ ያወጣል። አላህ ሂሳብ አይጠፋበትም። የእርስዎስ ይጠፋበታል እንዴ?"

እማዬ ሳቀች። ከየካቲት ወዲህ ስትስቅ ያን ቀን ገና ሰማኋት። ማታ እንቁላል በላች። ቄሱ ያልቻሉትን ሙስሊም የላዳ ሹፌር ቻለው እያልን እስከ ዛሬ እንቀልድባታለን። በሳምንቱ ደሟ ተስተካክሎ ኬሞውን ወሰደች። እንቁላሉ ነው አልልም፤ እንዲህ ያለው ነገር አይገባኝም። እሷ ግን እንቁላሉና ጋሼ ናቸው ባይ ናት።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሹፌር አልፈለግንም። መንገዱ ሲቆፈር በየት በኩል እንደሚዞሩ ያውቁበታል። ጉብታ ላይ ላዳዋን እንደ እንቁላል ቅርጫት ነው የሚያሳልፏት። ከኋላ ወንበር ሥር የታጠበ ባልዲ፣ ውሃና ሶፍት አይጠፋም። ዋጋቸውን አንድም ቀን አልጨመሩብንም፤ ቤንዚን ሲጨምር እኔው ነኝ በግድ የጨመርኩላቸው።

ጉድለታቸውንም ልናገር። አንድ ጊዜ አርፍደዋል። ሰኔ ላይ ነው፣ ሰኞ ጠዋት። ስልካቸው ተዘግቷል። ወደሚቆሙበት ቦታ በእግሬ ሮጥኩ። እዚያ ጥላ ዘርግታ ጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ አለች። ባለ ላዳውን አይተሻቸዋል ስላት ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

"አንቺ ነሽ እንዴ ቡና ያስጣልሽብኝ?"

ምን ማለትሽ ነው አልኳት።

"ረመዳን ካለቀ በኋላ እንኳ በእናንተ ቀን ጠዋት አይጠጡም። ጭሱ ልብሴ ላይ ይቀራል፣ አንዲት የታመመች እህት አለችኝ ይላሉ። እዚህ እንኳ አይጠጉም፣ ከዚያ ማዶ ነው የሚቆሙት። ያለ ቡና ደግሞ ራሳቸውን ያማቸዋል።"

ቆሜ ቀረሁ። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔ በአንድ በኩል ልብሳቸው ለምን ሁልጊዜ ሳሙና ሳሙና እንደሚሸት አልጠየቅኩም፤ በሌላ በኩል ሁልጊዜ ግንባራቸውን ሲያሹ እያየሁ ዕድሜ ነው ብዬ አልፌያለሁ። ጥቂት ቆይተው ደረሱ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምረው ቤንዚን ሰልፍ ላይ ነበሩ። ስለ ማርፈዳቸው ሦስት ጊዜ ይቅርታ ጠየቁኝ። ስለ ቡናው ምንም አላልኳቸውም፤ ማልቀሴ አይቀርም ነበርና።

ነሐሴ ላይ ቀዶ ጥገናው ተሠራ። ጥቅምት 2017 ጨረር ጀመረች፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ሦስት ሳምንት። ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። አሁን ጅማም ሌላም ቦታ ተጀምሯል። ያም ሆኖ ግቢው ውስጥ ብርድ ልብስና የምግብ ሳህን ተሸክሞ ከሩቅ የመጣ ሰው ታያላችሁ። ጋሼ በመመለሻችን የፊቱ ወንበር ባዶ ከሆነ ከእነሱ አንዱን ይጭናሉ፣ እማዬን አስፈቅደው። ገንዘብ አይቀበሉም። ከክፍለ ሀገር የምትመጡ፣ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ጠይቁ። በደም ካንሰር በሞተ ሕፃን ስም የተቋቋመ ድርጅት ነው፤ ሕክምናቸውን እስኪጨርሱ ማረፊያ ለሌላቸው ታማሚዎች ማረፊያ ይሰጣል። ይህን ያወቅሁት እዚያች ላዳ ውስጥ ከተሳፈረች እናት ነው።

አሁን እማዬ በየቀኑ አንድ ክኒን ትውጣለች። ለዓመታት ነው አሉን። ድናለች አልልም፣ ሐኪሞቹም በዚህ ቃል አይናገሩም። ክትትል አላት። ፀጉሯ ግን በቅሏል፣ ደግሞ ተጠቅልሎ! አይታ "ይሄ የማን ነው?" ትላለች።

ታኅሣሥ ውስጥ አንድ እሑድ ጠዋት ብረት ምጣድ ሲንኳኳ ሰማሁ። ወጥቼ ሳይ እማዬ ቡና አጥባ ልትቆላ ነው። አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ያያታል፤ ሊተነፍስም ፈርቷል። ጭሱ ሲነሳ ፊቷን አላዞረችም። "ምን ትገተሪያለሽ" አለችኝ፣ "ለወንድሜ ደውይ እንጂ።" ማንን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ጋሼ መጡ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ጠጡ። ስለዚያ ሁሉ ጠዋት ያን ቀንም አላነሱም። እማዬ ግን ከእኔ ሰምታለች። በረካውን ስትቀዳላቸው እጇ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

እንግዲህ ጥቁር አንበሳም ሆነ ሌላ ሆስፒታል ታማሚ የምታመላልሱ፣ እኚህን ሰው ያዙ። ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ሰንጋ ተራ፣ ለገሃር አካባቢ ያላችሁ በተለይ። አየር ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ከፈለጋችሁ ሌላ ፈልጉ። የኋላው በር አሁንም ከውስጥ አይከፈትም። ለታመመ ሰው የሚሆን ሰው ከፈለጋችሁ ግን እሳቸው ናቸው። ደግሜ እላለሁ፣ እሳቸው ናቸው።

ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። ከመደወላችሁ በፊት ታማሚው የትኛው ሽታ እንደሚያስጠላው አጣሩ፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው። ለፊታችን ሐሙስ ጠዋት ግን አትያዟቸው። እማዬ ቀጠሮ አላት።