ለአነስተኛ ፖንቱን ጀልባ የ30 ወይስ የ55 ፓውንድ ሞተር?

በአየር የምትነፋ፣ አንድ ዓሣ አጥማጅ የምትይዝ ፖንቱን (በሁለት ተንሳፋፊ ቱቦዎች ላይ የምትቆም ጀልባ) ላለው ሰው ክርክሩ ብዙ ጊዜ ሚን ኮታ በተባለው ኩባንያ ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮች መካከል ነው፦ ኢንዱራ 30 እና ኢንዱራ ማክስ 55። ቁጥሮቹ ሞተሩ ጀልባውን የሚገፋበትን ኃይል በፓውንድ ያሳያሉ።

የተለመደው ስሌት ለየ100 ፓውንድ ክብደት 2 ፓውንድ ግፊት ይጠይቃል። ጀልባው፣ ሰውየው፣ ባትሪውና ዕቃው ተደምረው 400 ፓውንድ ቢመዝኑ 8 ፓውንድ ይበቃል ማለት ነው። ነፋስ ፊት ለፊት ቢመጣ እንኳ 30ው ያወጣችኋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ባትሪው ነው። በሙሉ ኃይል 30ው እስከ 30 አምፔር፣ 55ቱ እስከ 50 አምፔር ይስባሉ። የ100 አምፔር-ሰዓት የእርሳስ ባትሪ (ለምሳሌ 50 አምፔር ለ2 ሰዓት የሚሰጥ) ቻርጁ ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል፤ ስለዚህ 55ቱን በሙሉ ኃይል የሚነዳ ሰው ቢበዛ አንድ ሰዓት ያገኛል። ሁለተኛ ባትሪ እንዳይጨምር አንዱ ብቻ ወደ 30 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ እንዲህ ላለች ጀልባ ከባድ ሸክም ነው።

55ቱ በአንድ ነገር ይበልጣል፦ ፍጥነቱ ያለ ደረጃ ስለሚስተካከል በዝግታ ሲነዳ ኃይል ይቆጥባል። 30ው ወደፊት አምስት ቋሚ ደረጃዎች ብቻ አሉት። ቢሆንም እኔ 30ውን መርጬ የተረፈውን ገንዘብ ክብደቱ ከእርሳሱ ባትሪ ግማሽ በታች ለሆነው የሊቲየም ባትሪ አውለዋለሁ።