ፖርቱጋልን ከነልጆቻችን እንድናይ ላደረገችን እህት ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ለሰመር እረፍት ልጆች ይዛችሁ ፖርቱጋል ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ ይህን ሳታነቡ አትለፉ። እኛ ከፍራንክፈርት ሦስት ልጆች ይዘን ሊዝበንና በደቡብ ፖርቱጋል ባለው የባሕር ዳርቻ አልጋርቬ ሰንብተን በሰላም ተመልሰናል። ጉዞውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያሰናዳችልን አንዲት የአገራችን ልጅ ናት። ሊዝበን ሆቴል ውስጥ ለዓመታት ሠርታለች፤ መጀመሪያ ክፍል እያጸዳች፣ በኋላ እንግዳ ተቀባይ ሆና። አሁን ለቤተሰብ ጉዞ ታሰናዳለች። ስሟ በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለገች እዚህ አልጽፈውም፤ እንዴት እንደምታገኟት ግን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ከእሷ በፊት አንድ የጉዞ ወኪል ዘንድ ሄደን ነበር። ሰውየው የልጆቹን ዕድሜ እንኳ ሳይጠይቅ አልጋርቬ ባለችው አልቡፌራ ከተማ ውስጥ ምግብና መጠጡ ሁሉ የተካተተበት ሆቴል አሳየን። ፎቶው ያምራል፣ መዋኛው ሰማያዊ ነው፣ ዋጋውም ደህና። ሆቴሉ የት እንዳለ ለእህታችን ስነግራት ሳቀች። «እህቴ፣ እዚያ መንገድ ላይ እኮ ወጣቱ ሲጨፍር ነው የሚያነጋው። ሕፃን ይዘሽ ልትተኚበት ነው?» አለችኝ። በዚያው ተውነው።

መጀመሪያ ስንደዋወል እሷ ስለ ፖርቱጋል ምንም አላወራችም። ጠያቂዋ እሷ ነበረች። ትንሹ ቀን ይተኛል ወይ? መኪና የሚያስመልሰው ልጅ አለ ወይ? ሴቷ ልጅ ሳታለቅስ ስንት ሰዓት መንገድ ትችላለች? የአሳማ ሥጋ ትበላላችሁ ወይ? ከዚያ ደግሞ «ፍልሰታን ትጾማላችሁ?» አለች። እኔ አላሰብኩትም ነበር። ፍልሰታ በፈረንጆቹ ኦገስት 7 ይገባል፤ ባለቤቴ ደግሞ አንድም ቀን አያጎድልም። እኛ ባለንበት በሄሰን ክልል ትምህርት ቤት ቀደም ብሎ ስለሚዘጋ ሁሉንም ነገር ጁላይ ላይ አደረገችው። ኦገስት ማለት ፖርቱጋሎቹ ራሳቸው ለእረፍት የሚወጡበት ወር ስለሆነ አልጋርቬ መቆሚያ መቀመጫ ይጠፋል አለች። ለጾሙ ብላ የጀመረችው ከግርግሩም አዳነን።

ባለቤቴ የራሱን ዝርዝር አዘጋጅቶ ነበር፦ ሊዝበን፣ ሲንትራ፣ ፋጢማ፣ ናዛሬ፣ ፖርቶ፣ ላጎስ። ዝርዝሩን ላክንላት፤ ሊዝበን ብቻ ተርፎ ሌላው ሁሉ ተሰርዞ ተመለሰልን። ናዛሬ በክረምቱ ግዙፍ ማዕበል ነው ዓለም የሚያውቃት፣ በበጋም ቢሆን ውሃው ለትንንሽ ልጅ አይሆንም። ፖርቶ ሌላ ጊዜ። ሲንትራ ያለው የፔና ቤተ መንግሥት ትኬቱ በሰዓት የተቆረጠ ነው፣ አቀበቱና ወረፋው ሲደመር ትንሹን ያስለቅሰዋል። ባለቤቴ ተናደደ። «የምንከፍላት እንድትጨምርልን ነው ወይስ እንድትቀንስብን?» አለኝ። ስልኩን ሰጠሁት። «ወንድሜ፣ ልጆቹ ፖርቱጋልን በመኪና መስኮት እንዲያዩ ከፈለግክ እጨምርልሃለሁ» አለችው። ምን ይመልሳል? እኔ ለዚህች ሴት ከምንም በላይ የማመሰግናት በሰረዘችው ነው። ሌላው ሰው የሚሸጠው ብዛት ነው፤ እሷ ሁለት ማረፊያ ብቻ አስቀረችልን፣ ሊዝበንና አልጋርቬ ውስጥ ያለችውን ታቪራ።

ሊዝበንን ልንገራችሁ። ከሁሉ በፊት ያዘዘችኝ የልጅ ጋሪውን ቤት እንድተው ነው። «አንቀልባ ያዢ» አለችኝ። የከተማው የእግረኛ መንገድ ከትንንሽ ነጭ ድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ ስንትና ስንት ዓመት ሰው ረግጦት ለስልሷል፣ ያንሸራትታል፣ አቀበቱም አያልቅም። ጋሪ እየገፉ በላብ የተጠመቁ እናቶችን አይቻለሁ። እኔ ልጄን አዝዬ እንደ አገሬ ሄድኩ፤ አንዲት ፖርቱጋላዊት ሽማግሌ ቀርባ አንቀልባውን ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ አውራ ጣቷን አሳየችኝ። 28 ቁጥር ትራም ዝነኛ ነው፣ ግን ይጨናነቃል፣ ኪስ አውላቂም አይጠፋም። በጠዋት ከመነሻው ከማርቲም ሞኒዝ ተሳፈሩ፣ ካልሆነ ይቅርባችሁ ብላን ነበር። በጠዋት ሄድን፣ ልጆቹ መስኮት ዳር ተቀመጡ።

ልጆቹ ያበዱት ግን የውቅያኖስ እንስሳት የሚታዩበት ኦሴናሪዮ ላይ ነው። በ1998 ለኤክስፖ የተሠራ ነው፤ መሀል ላይ አንድ ግዙፍ የውሃ ገንዳ አለ፣ ሻርኩም ሌላውም በአንድ ላይ ይዞራል። ሰባት ዓመቷ ልጄ መስታወቱ ላይ አፍንጫዋን ለጥፋ፣ ግማሽ አካሉ የተቆረጠ የሚመስለውን ሞላ የሚባል ትልቅ ዓሣ እየተከተለች ገንዳውን ዞረች። እህታችን ጠዋቱን ሙሉ ለዚያ ብቻ ነው የሰጠችን። ከዚያ ሰፈሩን ሳንለቅ በታጉስ ወንዝ ዳር የሚያልፈውን የገመድ መኪና ተሳፈርን፤ አሥራ ሰባት ኪሎሜትር ገደማ የሚረዝመው የቫስኮ ዳ ጋማ ድልድይም ከዚያ ይታያል።

ቤሌም ወደሚባለው የሊዝበን ሰፈር የሄድነው ስለ ድልድዩ ስም ነው ማለት ይቻላል። ወደ ሕንድ በባሕር የሄደው የቫስኮ ዳ ጋማ መቃብር ጀሮኒሞስ ገዳም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። እህታችን ለትልቁ ልጄ እዚያ ስትደርስ ክፈተው ብላ የድምፅ መልእክት ልካለት ነበር። የዚህ ሰውዬ ልጅ ክርስቶፎር ዳ ጋማ በ1541 አራት መቶ ጠመንጃ የያዘ ሰው አስከትሎ አፄ ገላውዴዎስን ሊረዳ ወደ አገራችን እንደገባ፣ በዓመቱ ከኢማም አሕመድ ጋር ሲዋጋ ተማርኮ እንደተገደለ፣ በ1543 ገላውዴዎስ ከተረፉት ፖርቱጋሎች ጋር ሆኖ ወይና ደጋ ላይ እንዳሸነፈ ትነግረዋለች። ጀርመን ተወልዶ ያደገ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ ሙዚየም ሲባል የሚያዛጋ ልጅ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ መቃብሩ አጠገብ ቆሞ ቀረ። «ታዲያ ልጁ የሞተው እኛ አገር ነው?» አለኝ። ይህን የትኛው ወኪል ያስብልኛል?

ወረፋ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፖርቱጋል ውስጥ ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ነፍሰ ጡር፣ እስከ ሁለት ዓመት ያለ ሕፃን የያዘ፣ አካል ጉዳተኛና አቅም ያነሰው አረጋዊ ቅድሚያ እንዲስተናገድ ሕግ አለ። የግል ድርጅቱንም ይመለከታል። እኛ ሐበሾች ይሉኝታ ስለሚይዘን አንጠይቅም። «አትፈሪ፣ መብትሽ ነው» ስላለችኝ ሱፐርማርኬት ውስጥ ልጄን ወደ ፊት አዙሬ ቆምኩ፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ሳልናገር ጠራችኝ።

ወደ አልጋርቬ የወረድነው በባቡር ነው። ከሊዝበን ኦሪየንቴ ጣቢያ እስከ ፋሮ ከተማ ሦስት ሰዓት ያህል ነው፣ ከዚያ በአካባቢው ባቡር ታቪራ። ከአራት ዓመት በታች ያለ ልጅ አይከፍልም፣ እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ግማሽ ነው። መኪና ለምትከራዩ፦ ዕድሜው ከ12 ዓመት በታች ሆኖ ቁመቱ 135 ሴንቲሜትር ያልደረሰ ልጅ ያለ ልጅ መቀመጫ መጫን ክልክል ነው። አልጋርቬን የሚያቋርጠው ኤ22 አውራ ጎዳና ይከፈልበት የነበረው ክፍያ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ቀርቷል።

ለምን ታቪራ? እኔም ጠይቄያት ነበር። የምዕራቡ ዳርቻ ውሃ በጁላይም ቀዝቃዛ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከሰሜን የሚመጣ ነፋስ አሸዋውን ፊት ላይ ይረጨዋል። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ስፔን በቀረባችሁ ቁጥር ውሃው ይሞቃል፣ ማዕበሉም ይለዝባል። ከታቪራ በጀልባ ፊት ለፊት ወዳለው ደሴት ትሻገራላችሁ፤ አሸዋው ሰፊ ነው፣ ከላይ የሚናድ ገደልም የለም። የገደሉን ነገር አደራ ብላናለች። ፎቶ ላይ የምታዩአቸው ቢጫ ገደሎች ሥር ጥላ አለ ብላችሁ እንዳትቀመጡ። በ2009 ኦገስት ላይ አልቡፌራ አጠገብ ማሪያ ልዊዛ በምትባል ዳርቻ ገደል ተንዶ አምስት ሰው ሞቷል።

ባንዲራዎቹን ደግሞ ለትልቁ ልጄ በስልክ አስጠንታዋለች። አረንጓዴ ከሆነ መዋኘት ይቻላል። ቢጫ ከሆነ ውሃ ውስጥ መግባት እንጂ መዋኘት የለም። ቀይ ከሆነ ጭራሽ አይገባም። ሰማያዊና ነጭ የተፈራረቀበት ካያችሁ ነፍስ አድን ሠራተኛው ለጊዜው ቦታው ላይ የለም ማለት ነው። አንድ ቀን አባቱ ቲሸርቱን አውልቆ ሊሮጥ ሲል «አባዬ ቢጫ ነው! እስከ ጉልበት ብቻ!» ብሎ በሰው ፊት አስቆመው። ባለቤቴ እስካሁን ይስቃል።

ምግብ ላይ፣ አሳማ የማትበሉ ተጠንቀቁ፤ ያልጠበቃችሁበት ቦታ ሁሉ አለ። ካልዶ ቬርዴ የሚባለው የጎመን ሾርባ እንኳ የአሳማ ቋሊማ ጣል ይደረግበታል፣ የዳክዬው ሩዝም እንደዚያው። «ሴም ካርኔ ዴ ፖርኮ» (ያለ አሳማ ሥጋ) የሚል ጽፋ ልካልን በየቤቱ ስልካችንን እናሳይ ነበር። ለረቡዕና ዓርብ ዳቦ፣ ወይራ፣ ሽምብራ ሰላጣ አይጠፋም። ሳታዙ የሚቀርብላችሁ ዳቦና ወይራ በነፃ አይደለም፤ ካልፈለጋችሁ አትንኩት፣ ካልነካችሁት አትከፍሉም። የማታ ምግብ ቤቶች አብዛኞቹ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሚከፍቱ ዋናውን ምግብ ምሳ ላይ አድርጉት። ዳርቻው ላይ እየጮሁ የሚያዞሩትን ቦላ ዴ ቤርሊም ልጆቹ ሲያዩ «ቤርሊነር!» ብለው ተነሡ፤ ያው የጀርመኑ ነው፣ ግን ውስጡ የእንቁላል ክሬም አለው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሆነ።

ወረቀት ላይ ያደረገችልን ነገር ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። ባለቤቴ ፈረቃ ስለነበረበት እኔ ከልጆቹ ጋር ቀድሜ በረርኩ። የልጆቹ የአባት ስም የእሱ ነው፣ የእኔ የአባቴ ነው፤ በወረቀት ሲታይ አንዳችንም አንገናኝም። እሷ ይህን ታውቃለች። የልደት ሰርተፍኬታቸውንና ባለቤቴ የፈረመበትን የፈቃድ ደብዳቤ ካልያዝሽ አትነሺ አለችኝ። አየር ማረፊያ ላይ ሠራተኛዋ ፓስፖርቶቹን ስታገላብጥ «የማን ልጆች ናቸው?» አለች፤ ወረቀቱን አወጣሁ፣ አለቀ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያላችሁ የመኖሪያ ካርዱንም ዋናውን ፓስፖርትም አብራችሁ ያዙ፤ ሁለቱን ይዛችሁ በሌሎቹ የሼንገን አገሮች ውስጥ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ድረስ መንቀሳቀስ ትችላላችሁ። የጀርመን መደበኛ የጤና መድን ካርድ ጀርባው የአውሮፓ ካርድ ነውና አትርሱት። የአደጋ ጊዜ ስልክ እዚያም 112 ነው፤ ልጅ ሲያተኩስ ምክር የሚሰጠው የጤና መስመር 808 24 24 24።

አሁን ደግሞ እውነቱን። የድምፅ መልእክቷ ረጅም ነው፣ የምትልከውም ሌሊት ነው፤ ባለቤቴ «ሬዲዮሽ ጀመረች» ይለኝ ነበር። ሆቴልና ትኬት በስሟ አትይዝም፤ ሊንኩን ትልክላችኋለች፣ በራሳችሁ ካርድ በቀጥታ ትከፍላላችሁ። እኔ ይህን ወድጄዋለሁ፣ ሁሉን ጨርሳችሁ ስጡኝ ለሚል ሰው ግን ሥራ ይበዛበታል። ከሆቴል ኮሚሽን አትቀበልም፤ የራሷን የድካም ዋጋ ነው የምትጠይቀው፣ ግማሹን መጀመሪያ፣ ግማሹን ከጉዞው በፊት። እኛ የከፈልናት ከአንድ ሌሊት የሆቴል ዋጋ ያነሰ ነው። ሊዝበን ውስጥ ለአንድ ሰው በሌሊት 4 ዩሮ የሚከፈለውን የቱሪስት ቀረጥ፣ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንደማይከፍሉት ጭምር አስቀድማ አስልታ ሰጥታናለች።

እህቴ፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልን። እጅሽ ይባረክ፣ ክፉ አይንካሽ።

የምትፈልጓት ኢንቦክስ አድርጉኝ፤ እሷን ጠይቄ ስልኳን እልክላችኋለሁ። በአንድ ሰመር የምትቀበለው ጥቂት ቤተሰብ ስለሆነ ለሚመጣው ዓመት ከገና በፊት ብትጽፉላት ይሻላል። ስትጽፉ የልጆቻችሁን ዕድሜ፣ የትምህርት ቤቱ እረፍት የሚጀምርበትን ቀንና የምትችሉትን ገንዘብ ጻፉላት። ርካሽ የአውሮፕላን ትኬት ብቻ የምትፈልጉ ግን አታድክሟት፤ እሱን ሥራዋ አድርጋ አልያዘችውም።